«አጥንት ነው» ከማለታችን በፊት

መቂ ላይ የሚያስለው ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ምርመራውን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው፦ «ዶክተር፣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ነው፤ አውጣልኝ።» አልፎ አልፎ እውነቱን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጉሮሮው ውስጥ ምንም የለም።

ስለዚህ አፉን ከመክፈቴ በፊት እጠይቃለሁ። ዕድሜው ስንት ነው? ተከትቧል? የጎረቤት ውሾችንስ ያስላቸዋል? አዎ ከተባለ፣ ቦርዴቴላ የሚባለው ባክቴሪያና የተለያዩ ቫይረሶች የሚያመጡት ተላላፊ ሳል ትዝ ይለኛል። ውሻው ደረቅ ሳል ደጋግሞ ይስልና በመጨረሻ ያቅለሸልሸዋል፤ ነጭ አረፋ ይተፋል። «አጥንት» የሚያሰኘውም ይሄው ነው። ጠንካራ ውሻ ካረፈና ከሌሎች ከተለየ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይድናል።

ዓይኑና አፍንጫው መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ካለውና መብላት ካቆመ ግን ዲስተምፐርን እጠረጥራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የባሌ ተራሮችን ቀይ ቀበሮዎች የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። ክትባት እንጂ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለውም።

ሆዱ የተነፋ ቡችላን የሚያስለው ወስፋት ሊሆን ይችላል፤ ዕጮቹ አንጀት ከመድረሳቸው በፊት በሳንባ ያልፋሉ። ሌሊት ሌሊት የሚያስለውና ቶሎ የሚደክመው ያረጀ ውሻ ደግሞ ልቡ መታየት አለበት። የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ የሚጠብቁትንም አንገታቸውን እዳብሳለሁ። ሰው ባለፈ ቁጥር ሲወረወሩ ቀጭኑ ሰንሰለት የአየር ቧንቧቸውን ያንቃል፤ ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ ብቻ የሚያቀልለት አለ። ኬሚካል ሲረጭም ከማሳው ይራቁ።

ከሁሉም የምፈራው ሳል ያልሆነውን ነው። መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ ውሃ መዋጥ ያቃተው ውሻ አጥንት ያነቀው ይመስላል። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህም ይመጣል፤ ሳይናከስ፣ ፈዞ። አዛኙ ባለቤት ግን እጁን እስከ ጉሮሮው ይሰዳል። እንዲህ ያለ ውሻ ካያችሁ ሳትነኩት በር ዘግታችሁበት ሐኪም ጥሩ። ለሃጩ ቁስል ወይም ጭረት ነክቶ ከሆነ ቦታውን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን የሚያድን ሕክምና የለም።

እጅ ማስገባቱን ለእኛ ተዉልን። እኛም ብንሆን ቀድመን ተከትበን፣ ጓንት አጥልቀን ነው።