የቤት ሰነድን በኮምፒዩተር ቁልፍ ስለ መፈለግ

የቀድሞ ሰዎች የርስታቸውን ደብዳቤ፤ የጋብቻቸውን ውልና የልጆቻቸው የክርስትና ስም የተጻፈበትን ወረቀት በአንድ ሣጥን ያኖሩ ነበር፤ መክፈቻውንም የቤቱ እመቤት በመቀነትዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘው ነበር። ዛሬ ግን ይህ ሁሉ፤ ፎቶግራፉም ጭምር፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጣል። በዚያም ፎልደር የሚባለው ማኅደር በሌላ ማኅደር ውስጥ፤ እርሱም ደግሞ በሌላ ውስጥ እየሆነ ስለሚሄድ፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ያስቀመጠውን ሲያጣው ብዙ ጊዜ እናያለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በአርሲ ደጋ፤ በአርቦዬ ከተማ፤ በአንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ቤት ያየነው ነገር ነው። የእናታቸው ሙት ዓመት ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበርና፤ ልጃቸው የአያቱን ፎቶግራፍ በትልቁ ለማሳተም በማግሥቱ ማለዳ ወደ አሰላ መሄድ ነበረበት። ከዚያ ፎቶግራፍ በቀር የእኒያ ሴት መልክ በሌላ አልቀረም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ መኖሩ ይታወቃል፤ ወዴት እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

የጠፋበትም ምክንያት ሳይቈይ ተገለጠልን። የወዳጃችን እጅ ከዕድሜ የተነሣ ይንቀጠቀጣል። በማውስ አንዱን ፎልደር ሁለት ጊዜ ነክተው ሊከፍቱ ሲሉ፤ ጣታቸው ሳይለቀው እጃቸው ፈቀቅ ይልና ፎልደሩ ተጐትቶ ከጐረቤቱ ፎልደር ውስጥ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ስንት ሰነድ ቦታውን እንደ ለቀቀ እግዚአብሔር ይወቀው።

ልጁም «አባባ፤ ማውሱን ይተዉት፤ በቁልፍ እንሂድ» ብሎ ቶታል ኮማንደር የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ። ይህ ፕሮግራም የኮምፒዩተሩን ሆድ ጐን ለጐን በተተከሉ ሁለት መስኮቶች ያሳያል። በቀስት ቁልፎች ወደ ላይና ወደ ታች ይኬዳል፤ ኢንተር ማኅደሩን ይከፍታል፤ ባክስፔስ ወደ ወጡበት ይመልሳል፤ ታብ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ያሻግራል። ኤፍ 5 ይገለብጣል፤ ኤፍ 6 ያዛውራል፤ ኤፍ 7 አዲስ ማኅደር ያበጃል። ኤፍ 8 ግን የሚያጠፋው ስለሆነ ከእርሱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሁለት መስኮቱ ሥርዓት ከዚህ በፊትም የነበረ ነው፤ ጆን ሶቻ የሚባል አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ባወጣው በኖርተን ኮማንደር ታውቆ ነበር። የአሁኑን የሠራው ግን ክርስቲያን ጊስለር የተባለ የስዊስ ሰው ሲሆን፤ በ1993 ዊንዶውስ ኮማንደር ብሎ አውጥቶት በ2002 ስሙን ለወጠው።

ልጁ አልትንና ኤፍ 7ን አብሮ ተጭኖ በሚከፈተው መፈለጊያ ላይ «እማማ» ብሎ ጻፈ። በአማርኛ ስም መፈለግ መቻሉ ራሱ የቈየ ነገር አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው፤ ይህም ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ስሞች በሚገባ ማሳየት የጀመረው በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ በአያቲቱ ስም ፈንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ባየን ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፎቶግራፉ ተገኘ። የት ነበር ቢሉ፤ ከግብር ደረሰኞች ማኅደር ውስጥ! የቤቱ እመቤት እልል አሉ።

ሽማግሌው ግን ፎቶግራፉን ካዩ በኋላ ሌላ ነገር ጠየቁ። ፕሮግራሙ ሲከፈት አንድ ትንሽ ሣጥን ብቅ ብሎ ከ1፤ ከ2 ወይም ከ3 አንዱን ቁጥር እንዲጫኑ ማዘዙን አይተው ነበርና «ያ ምን ይላል?» አሉ። ልጁ አፍሮ ዝም አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ሼርዌር ከሚባለው ወገን ነው፤ ማንም ወስዶ አንድ ወር ይሞክረዋል፤ ከተስማማው ዋጋውን ለሠሪው ይልካል። ይህ ልማድ በ1982 በአሜሪካ አንድርው ፍሉገልማንና ጂም ክኖፕፍ የተባሉ ሰዎች ፕሮግራሞቻቸውን በእምነት ለሕዝብ በመስጠታቸው የተጀመረ ነው። ወሩ ካለፈ በኋላ ቶታል ኮማንደር ሥራውን አያቋርጥም፤ በተከፈተ ቍጥር ቁጥሩን እያስጫነ ያስታውሳል እንጂ። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን ሲጫን ኖሮአል።

«ሰውየው አምኖ ሰጠህ፤ አንተ ግን በየቀኑ ደጁን እያንኳኳህ ሳትከፍል ትገባለህ» አሉት። ልጁ ወደ ውጭ አገር ገንዘብ መላክ የሚያስቸግር መሆኑን ተናገረ፤ ይህም እውነት ነው፤ እኛም በልባችን ፈረድንለት። አባትዮው ግን በውጭ አገር ለሚኖረው ለእኅታቸው ልጅ ደብዳቤ አስጻፉ፤ ዋጋውን እዚያው ከፍሎ እንዲነግራቸውና ብሩን እዚህ ለእናቱ እንዲሰጡለት። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ወደ ፊት ለሚወጣው እድሳት ሁለተኛ እንደማይጠየቅ ሲሰሙ «ይህስ ጨዋ ነው» አሉ።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ወዳጃችን ራሳቸው በቀስቶቹ እየሄዱ የግብሩን ደረሰኝ ከግብሩ፤ የፍርድ ቤቱንም ወረቀት ከፍርድ ቤቱ ማኅደር ሲመልሱ እኩለ ሌሊት ሆነ። ጣታቸው ቢንቀጠቀጥም ቁልፉ ከቦታው አልሸሸም። ልጁም ፎቶግራፉን በፍላሽ ይዞ በማለዳው መኪና ወደ አሰላ ሄደ።