ስኪ ከመምረጣችሁ በፊት ማሰሪያውን እዩ፦ ብርድ አገር ላሉ ወንድም እህቶቻችን

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ስኪ ማውራት ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። እኛ ጋ በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን ክረምት ላይ ቆርቆሮውን እየደበደበ የበቆሎውን ቅጠል የሚተለትለው ነው። ጮቄ አናት ላይ የወጣ ሰውም ቢሆን የሚያውቀው ብርዱንና ጉሙን እንጂ ስኪውን አይደለም።

ግን ስልካችሁን ክፈቱ። ካልጋሪ፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ኦስሎና ስቶክሆልም ያሉ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ክረምቱ እዚያ ረጅም ነው፤ የሥራ ባልደረባ ቅዳሜን ስኪ እንሂድ ማለቱ አይቀርም። ከዚያ የሚከተለው ነገር በጣም የተለመደ ነው፦ አንዱ "እኔ የድሮ ስኪ አለኝ፣ ውሰድ" ይላል። ነፃ ነገር ማን ይጠላል?

የኛ ምክር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሂዱ፤ ግን በሰው ማሰሪያ አትሂዱ። ለምን እንደሆነ እናስረዳ።

1. ስኪ ሁሉ አንድ አይደለም

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ ተሳትፋ ታውቃለች ስንል የሚገረም አይጠፋም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006፣ በኛ የካቲት 1998 ዓ.ም.፣ ጣልያን ቶሪኖ ላይ ባንዲራችንን ይዞ ተወዳድሯል። ለአገራችን የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ነበር። በ2010ም ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ተመልሷል። የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር ሲሆን አዲስ አበባ ላይ በረዶ ስለሌለ አስፋልት ላይ ጎማ ባለው ስኪ ይለማመድ ነበር።

የሮቤል ስኪ "ክሮስ ካንትሪ" የሚባለው ነው። ቀጭንና ቀላል ነው፤ ጫማው የሚታሰረው ከጣቶቹ በኩል ብቻ ስለሆነ ተረከዝ ነፃ ነው። በበረዶ ላይ እንደ መሮጥ ቁጠሩት።

ጎረቤታችን ኤርትራን ወክሎ በ2018 በደቡብ ኮሪያ ፒዮንግቻንግ የተወዳደረው ሻነን አቤዳ ግን ሌላ ዓይነት ስኪ ነው የተጫማው። እሱ "አልፓይን" ይባላል፤ ቁልቁል መብረር ነው። ጫማው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፕላስቲክ ነው፤ ጣትም ተረከዝም ይታሰራል። ሪዞርት የሚባሉት ቦታዎች ላይ ሰው የሚጠቀመው በአብዛኛው ይህን ነው። ወደ ላይ በሊፍት ትወጣላችሁ፣ በማሽን በተደለደለ ተዳፋት ትወርዳላችሁ።

ሦስተኛው "ቱሪንግ" ነው። ሊፍት የለም፤ ተራራውን በራሳችሁ እግር ትወጡና ከዚያ ትንሸራተታላችሁ። ጮቄን በእግር ወጥቶ በስኪ እንደ መውረድ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል፦ ሲወጣ ተረከዝን መልቀቅ፣ ሲወርድ ተረከዝን መያዝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ "የትኛው ስኪ ጥሩ ነው?" ሳይሆን "የት ልሄድ ነው?" የሚለው ነው።

2. ማሰሪያው እርካብ ነው

ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያገናኘው ዕቃ "ባይንዲንግ" ይባላል፤ እኛ ማሰሪያ እንበለው። ሰው ሁሉ የሚያየው የስኪውን ቀለም ነው፤ እግራችሁን የሚያተርፈው ግን ይህ ማሰሪያ ነው።

ፈረስ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከቡሬ አለፍ ብሎ እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ፈረሰኛ ከወደቀ በኋላ የሚያስፈራው እግሩ እርካቡ ውስጥ ተይዞ መቅረቱ ነው። ካልወጣለት ፈረሱ ይጎትተዋል። ጥሩ እርካብ ስትጋልቡ ይይዛል፣ ስትወድቁ ይለቃል።

የስኪ ማሰሪያም ሥራው ይኸው ነው። እግራችሁ ላይ አንድ ሜትር ከሰባ የሚሆን ጣውላ ታስሯል እንበል። ስትወድቁ የጣውላው ጫፍ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ቢዞር፣ እንደ ረጅም መፈንቅል ሆኖ ኃይሉን በሙሉ ወደ ቅልጥማችሁና ወደ ጉልበታችሁ ያመጣዋል። ማሰሪያው የተወሰነ ኃይል ሲደርስበት መልቀቅ አለበት። የፊተኛው ክፍል እግር ሲጠማዘዝ ወደ ጎን ይለቃል፤ የኋለኛው ደግሞ ወደ ፊት ስትደፉ ተረከዙን ወደ ላይ ይለቃል።

በስንት ኃይል ይልቀቅ የሚለው ማሰሪያው ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ "ዲን" ይሉታል። ቁጥሩ የሚወሰነው በአምስት ነገር ነው፦ በክብደታችሁ፣ በቁመታችሁ፣ በዕድሜያችሁ፣ በጫማው ሶል ርዝመት እና በችሎታችሁ።

አሁን ያንን "ነፃ ስኪ" አስቡት። ባለቤቱ 90 ኪሎ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ተንሸራቷል፣ በፍጥነት ይወርዳል። ማሰሪያው የተስተካከለው ለሱ ነው። እናንተ 60 ኪሎ ናችሁ፤ የመጀመሪያ ቀናችሁ ነው። ጀማሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በዝግታ ነው። ለሱ የሚለቀው ማሰሪያ ለእናንተ አይለቅም። ጉልበታችሁ ከማሰሪያው ቀድሞ ይለቃል።

ተቃራኒውም አደጋ ነው። ቁጥሩ ከሚገባው በታች ከሆነ ሳትወድቁ መሀል መንገድ ላይ ስኪው ይወልቃል። ስለዚህ ቁጥሩን በጓደኛ ግምትና በዊንጭት አታስተካክሉት። የስኪ ሱቅ ውሰዱት፤ ባለሙያው ጫማችሁን ገጥሞ ያስተካክለዋል፣ መሣሪያ ካለውም በትክክል መልቀቁን ይፈትሸዋል። ማሰሪያው በጣም ካረጀና አምራቹ ድጋፍ መስጠት ካቆመ ሱቁ "አልነካም" ይላችኋል። ያኔ አትከራከሩ፤ ስኪውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

አንድ ነገር ግን አንደብቅም። ማሰሪያ ሁሉን አያድንም። ዘመናዊ ማሰሪያ የቅልጥም ስብራትን በጣም ቀንሷል፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ ግን አሁንም የስኪ ዋናው ጉዳት ነው። በትክክል የተስተካከለ ማሰሪያ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

3. ለሚወጣ ሰው የሚሆን ማሰሪያ

ቱሪንግ የሚያምራችሁ ካላችሁ ማሰሪያው ይለያል። ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

ባለ ፒን፦ ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርተል በ1980ዎቹ የፈጠረው ነው። ጫማው አፍንጫ ላይ ግራና ቀኝ ትንንሽ የብረት ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለት ፒኖች እዚያ ይገባሉ። ስትወጡ ተረከዝ ነፃ ነው፣ ስትወርዱ የኋላው ፒን ይይዘዋል። በጣም ቀላል ነው። ግን ብዙዎቹ ቀለል ያሉት እንደ ሪዞርቱ ማሰሪያ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይለቁም። ደግሞም ለመውጣት የፊቱን ቆልፋችሁት ከነበረ ከመውረዳችሁ በፊት መክፈት አለባችሁ፤ የተቆለፈ ማሰሪያ በሚገባ አይለቅም።

ባለ ፍሬም፦ የሪዞርት ማሰሪያ ዓይነት ሆኖ ሙሉው ከጫማው ጋር ይነሳል። ጠንካራ ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ በየእርምጃው ክብደቱን ታነሳላችሁ።

ድብልቅ፦ ሲወጡ በፒን፣ ሲወርዱ እንደ ሪዞርት ማሰሪያ የሚይዝ። አብዛኛውን ቀን ሪዞርት፣ አልፎ አልፎ ውጭ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ዋጋው ግን ጠንከር ይላል።

ማሰሪያና ጫማ ደግሞ መግጠም አለባቸው። የሪዞርት ጫማ ሶልና የቱሪንግ ጫማ ሶል የተለያየ ነው። "ገብቷል እኮ" ማለት ይለቃል ማለት አይደለም። ሁለቱንም ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ።

በበረዶ ላይ ወደ ላይ እንዴት ይወጣል? ለምትሉ መልሱ ቁርበት ነው። እውነት! ስኪው ሆድ ላይ ጠጉር ያለው ጨርቅ ይለጠፋል። የበሬ ቁርበት ላይ እጃችሁን ወደ ጠጉሩ አቅጣጫ ስታሻሹ ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ስትመልሱት ይይዛል አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው። ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ አይንሸራተትም። ድሮ ከባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከናይሎንና ከፍየል ጠጉር ይሠራል። ላይ ስትደርሱ ትልጡትና ቦርሳ ውስጥ ትከቱታላችሁ።

4. ስኪውስ?

ርዝመት፦ ስኪውን አቁሙት። ለጀማሪ አገጭ አካባቢ፣ ለለመደ ሰው ግንባር ድረስ ቢሆን መነሻ ይሆናል። አጭሩ ለመጠምዘዝ ይቀላል፤ ረጅሙ ፍጥነት ላይ ይረጋጋል።

ስፋት፦ የሚለካው ወገቡ ላይ በሚሊ ሜትር ነው። ለተደለደለ ሪዞርት ከ70 እስከ 85 ገደማ ይበቃል። ሁለቱንም ለሚሞክር ከ85 እስከ 100። ከዚያ በላይ የሆነው ለጥልቅና ለስላሳ በረዶ ነው፤ ለጀማሪ ሸክም ነው።

ክብደት፦ ሪዞርት ላይ ሊፍት ስለሚያወጣችሁ ከበድ ያለው ችግር የለውም፤ እንዲያውም ሲወርድ ይረጋጋል። ቱሪንግ ላይ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። አንድ የሪዞርት ስኪ 2 ኪሎ፣ የቱሪንጉ 1.4 ኪሎ ነው እንበል። ልዩነቱ 600 ግራም ነው። በአንድ እግር 3,000 ጊዜ ብትራመዱ ተደምሮ 1,800 ኪሎ ይሆናል፤ 18 ኩንታል! ያውም በአንድ እግር።

5. ከሪዞርት ውጭ፦ እዚህ ጋ ቀልድ የለም

በሪዞርት ውስጥ ተዳፋቱን የሚቆጣጠሩ፣ ስትጎዱ የሚደርሱ ሠራተኞች አሉ። ከአጥሩ ውጭ ግን ማንም የለም፤ የበረዶ ናዳም አለ። አደገኛው ተዳፋት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ነው፤ ለመንሸራተት የሚያምረውም እሱው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚቀሰቅሰው የተቀበረው ሰው ራሱ ወይም አብሮት ያለው ነው።

በረዶ ውስጥ የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። አምቡላንስ አይደርስም፤ የሚያወጣችሁ አብሯችሁ ያለው ጓደኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይይዛል፦ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግ እና አካፋ። መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ሥልጠና ወስዶ መለማመድ፣ በየጠዋቱ የናዳ ማስጠንቀቂያውን ማየት ያስፈልጋል። ጀማሪ ከሆናችሁ "ና ውጭ እንሂድ" ሲሏችሁ እምቢ ማለት ነውር አይደለም።

6. ገንዘቡን ከየት ትጀምሩ?

በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ፣ ተከራዩ። ኪራይ ቤቱ ማሰሪያውን ለእናንተ ያስተካክላል።

ኪራይ ቤቱ ሲጠይቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። ኪሎ ስትጠየቁ መቀነስ፣ ችሎታ ስትጠየቁ "እችላለሁ" ማለት እዚህ ጋ እግር ያስከፍላል። ጀማሪ ነኝ በሉ።

መግዛት ስትጀምሩ ቅድሚያ ለጫማ ስጡ። ቁጥሩ የሚለካው በእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። ጠበቅ ማለት አለበት፤ ሰፊ ጫማ ስኪውን አያዝዝም። ከዚያ ማሰሪያ፣ መጨረሻ ላይ ስኪ። ያገለገለ ስኪ መግዛት ይቻላል፤ ማሰሪያው ግን መጀመሪያ በባለሙያ ይታይ።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስኪ ለማስተዋወቅ አይደለም። እዚያ ያለው ልጅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳል፣ ታክሲ ይነዳል፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ይቆማል። ሥራው በእግሩ ነው። ጉልበቱ ከተበጠሰ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። የእህቱ የኮሌጅ ክፍያ፣ የእናቱ መድኃኒት፣ የማዳበሪያው ዕዳ ቡሬ ላይ አብሮ ይቀመጣል። እዚያ የተጎዳ ጉልበት እዚህ ያነክሳል።

መዝናናት ግን መብታቸው ነው። ይዝናኑ፣ ፎቶውንም ይላኩልን። እናንተ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ላኩላቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፦ "ማሰሪያው በማን ኪሎ ነው የተስተካከለው?"