ሠዓሊው መድረክ ላይ ሲስል

ሄይ-ኦን-ዋይ በዌልስና በእንግሊዝ ወሰን ላይ የምትገኝ፣ ነዋሪዋ ሁለት ሺህ የማይሞላ ትንሽ ከተማ ናት። መጀመሪያ ስሟን ያስጠሩት ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡባቸው መደብሮቿ ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1988 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ይካሄድባታል። ሜዳ ላይ በተተከሉ ትልልቅ ድንኳኖች ውስጥ ልብ ወለድ ደራሲዎች፣ የታሪክ ምሁራንና ሳይንቲስቶች ተራ በተራ ይናገራሉ። ጫጫታውና ሳቁ የሚበረታው ግን ልጆች ከተሰበሰቡበት ድንኳን ነው፤ በተለይ ተናጋሪው የሕፃናት መጻሕፍት ሠዓሊ የሆነ ዕለት።

ይህ ዓይነቱ ዝግጅት ከደራሲ ንግግር የሚለይበት ዋናው ነገር ቀላል ነው፤ እንግዳው እያወራ ይስላል። አንዳንዱ ማቆሚያ ላይ በተሰቀለ ሰፊ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ይሠራል። ሌላው ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጥና ከላዩ ካሜራ ይደረግለታል፤ እጁና ወረቀቱ ከኋላው ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያሉ። ካሜራው የመጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠችውን የአምስት ዓመት ልጅ ከሠዓሊው ትከሻ አጠገብ እንደማቆም ያለ ነው። የብዕሩ ጫፍ የቱ ጋ እንደሚጫን፣ የቱ ጋ እንደሚላላ፣ ቀለሙ ሲፈስስ ሠዓሊው ምን እንደሚያደርግ ታያለች። ታትሞ የወጣ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ይደብቃል። ገጹ ላይ ያለው ሥዕል ከመጀመሪያውም እንደዚያ የነበረ ይመስላል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ መስመር ሰው ወስኖ ያሰመረው መሆኑ በዓይን ይታያል።

ልጆቹም ዝም ብለው አይመለከቱም። ሁለት ክብ ሲሰመር «ጉጉት ነው!» የሚል ድምፅ ይነሣል፤ ጆሮ ሲጨመርበት «ድመት!» ይሆናል።

ይህን ግምት ራሱን የመድረክ ሥራው ያደረገው አንቶኒ ብራውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በሼፊልድ የተወለደው ብራውን በወጣትነቱ በማንቸስተር ሆስፒታል የሕክምና ሠዓሊ ነበር፤ ሐኪሞች የሚያካሂዱትን ቀዶ ጥገና ደረጃ በደረጃ ይስል ነበር። በኋላ በጎሪላዎቹና ዊሊ በተባለው ዓይን አፋር ቺምፓንዚ ታወቀ። ከልጆች ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ጨዋታ በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር ይጫወተው የነበረውን ነው። አንዱ ሳያስብ፣ ምንም የማይመስል ቅርጽ ያሰምራል፤ ሌላው በሌላ ቀለም ጥቂት መስመር ጨምሮ አንድ ነገር ያደርገዋል። የተጣመመው መስመር ዓሣ ይሆናል፣ ኮፍያ የደፋ ሽማግሌ ይሆናል፣ የተናደደ ዝሆን ይሆናል። ብራውን ፈጠራ ሁሉ በመሠረቱ ከዚህ ጨዋታ እንደማይለይ ያምናል። ጨዋታው ትልቅ ጥቅም አለው። «እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለው ልጅ ቅርጹን ከማበላሸት ሥጋት ይድናል፤ የሚጀምረው ቀድሞውኑ ከተበላሸ ቅርጽ ነውና።

ብራውን ከ2009 እስከ 2011 የብሪታንያ የሕፃናት ሎሬት ነበር። ማዕረጉ የመጣው ባለቅኔው ቴድ ሂዩዝና ደራሲው ማይክል ሞርፐርጎ ካነሡት ሐሳብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያው ተሿሚ የሆነው ደራሲ ሳይሆን ሠዓሊ ነው፤ ኩዌንቲን ብሌክ። ይህ ምርጫ ትክክል ነበር። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ መጽሐፉን የሚያነበው በሥዕሉ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ ልጅ የመጀመሪያው ደራሲ ሠዓሊው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የብሌክ መስመር የተሞነጫጨረና ፈጣን ስለሚመስል ብዙ ሰው በአንድ ትንፋሽ የተሠራ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ ረቂቁን ከሥር መብራት ባለው መስተዋት ላይ አስቀምጦ ንጹሑን ወረቀት ይደርብበታል። ከዚያ ከሥር የሚታየውን እያየ፣ መስመሩን ሳይከተል እንደ አዲስ ይስላል። ቅልጥፍናው የዝግጅት ፍሬ ነው። ከደራሲው ሮአልድ ዳል ጋር ስላሳለፈው ጊዜ ሲያወራ የጫማው ታሪክ አይቀርም። በ1982 ለታተመው «ቢ.ኤፍ.ጂ.» የደጉን ግዙፍ ሰው ጫማ ምን እናድርገው ብለው ሲቸገሩ፣ አንድ ቀን በፖስታ ጥቅል መጣለት። ሲፈታው ዳል ራሱ የሚያደርገው የኖርዌይ ሰንደል ጫማ አንድ እግሩ ነበር። ግዙፉ ሰው እስከ ዛሬ በመጽሐፉ ውስጥ የሚሄደው በዚያ ጫማ ነው።

አክሰል ሼፍለር ደግሞ በየመድረኩ የሚጠበቀው ግረፋሎ የተባለውን አውሬ እንዲስል ነው። ሃምቡርግ ተወልዶ በ1982 ወደ እንግሊዝ የሄደው ሼፍለር፣ ጁሊያ ዶናልድሰን ጽፋው በ1999 ለታተመው «ግረፋሎ» ሥዕሎቹን የሠራው እሱ ነው፤ መጽሐፉ ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። የመጀመሪያ ንድፎቹ ውስጥ አውሬው ለትንንሽ ልጆች እጅግ የሚያስፈራ ሆኖ በመገኘቱ አርታኢዋ እንዲያለዝበው ጠይቃዋለች። እንስሳቱንም መጀመሪያ ልብስ አልብሷቸው ነበር፤ የደራሲዋ ሐሳብ ግን ያለ ልብስ ነበር። ከልጆች በኩል ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ «አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ነው የምትሠሩት?» የሚል ነው። መልሱ አዋቂዎችንም ያስገርማል፤ ጽሑፉና ሥዕሉ የሚገናኙት በአርታኢዋ በኩል ነው። ጽሑፉ ስለ አውሬው ጥርስ፣ ጥፍር፣ ብርቱካናማ ዓይንና ሐምራዊ እሾህ ይናገራል። ቀንዶቹንና ቡናማውን ጠጉር የጨመረው ሠዓሊው ነው።

ኬፕታውን የተወለደው ክሪስ ሪዴል ከሁሉም ይልቅ በአደባባይ መሳል የለመደ ነው። ለ«ኦብዘርቨር» ጋዜጣ የፖለቲካ ካርቱን ሲሠራ ኖሯል፤ በብሪታንያ ለመጽሐፍ ሥዕል የሚሰጠውን፣ ቀድሞ የኬት ግሪናዌይ ይባል የነበረውን ሜዳሊያ ሦስት ጊዜ በመውሰድ የመጀመሪያው ነው። ሌላ ሰው ሲያነብብ እሱ ከጎን ሆኖ የሰማውን ወዲያውኑ ይስላል። ለጥያቄ በቃል ከመመለስ ይልቅ በሥዕል የሚመልስበትም ጊዜ አለ።

ጥሩ ሠዓሊ መድረኩ ላይ ስለ ሙያው ደረቅ ነገሮችም ያነሣል። የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ማተሚያ ቤት የሚያጥፈው ትልቅ ወረቀት የሚከፈለው በስምንትና በዐሥራ ስድስት ገጽ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ታሪኩን በእነዚያ ገጾች ይከፋፍላል፤ አውሬው የሚታየው ገጽ ሲገለጥ እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው ገጽ የሚያጓጓ እንዲሆን ያሰላል። በጥፍር መጠን በተሣሉ ንድፎች የተሞላውን አንድ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ሲያሳይ፣ መጽሐፉን መቶ ጊዜ ያነበበ ወላጅም የገጹ አገላለጥ ታስቦበት መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ይረዳል።

ከንግግሩ በኋላ ሰልፍ አለ። ደራሲ ፊርማውን አኑሮ ይሸኛል፤ ብዙ ሠዓሊዎች ግን በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ትንሽ ሥዕል ስለሚጨምሩ ሰልፉ ይረዝማል። ወላጆች ውኃና ብስኩት ቢይዙ ይመረጣል።

በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ ዝግጅት ቅርብ ነው። ወደ ሄይ ፌስቲቫል ግቢ መግባት በነፃ ሲሆን ትኬት የሚቆረጠው ለየንግግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረውና ነሐሴ ላይ የሚውለው የኤድንብራ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ፌስቲቫልም ለልጆች ሰፊ መርሐ ግብር አለው። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣና እንግሊዝኛው ገና ያልጠና ልጅ ካለ፣ ከሌላው ንግግር ሁሉ አስቀድሞ ሠዓሊ ወደሚስልበት ድንኳን መወሰድ አለበት። ንግግሩ ቢያመልጠው እንኳ ሥዕሉን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ «ጉጉት ነው!» ብሎ በአማርኛ ቢጮኽም ግምቱ ከማንም ግምት አያንስም።