የግቢያችን ተክልና የውዱእ ውሃ

በዛሬው ዝግጅታችን ለግቢና ለቤት ጌጥ የሚሆኑ ተክሎችን እንዴት እንደምንመርጥና እንደምንንከባከብ እንመለከታለን።

ጉዳዩ በመቀሌ ቀላል አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጎረቤት ጀሪካን ይዞ በሚንከራተትበት ከተማ «አበባ ማጠጣት ኢስራፍ አይሆንብንም ወይ?» ብለው የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራትና ነዳጅ በመቋረጡ በትግራይ ብዙ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጧል። ጥላ የሌለው ግቢ ለልጅም ለአዛውንትም አይመችም። ስለዚህ መልሱ ተክልን መተው ሳይሆን ሁለት ነገሮችን መያዝ ነው፦ ለአገሩ የሚስማማውን መምረጥና ተክሉን ከመጠጥ ውሃችን ሳንቀንስ ማጠጣት።

በመጀመሪያ አገሩን እንወቅ። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዋናው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን ከመስከረም በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ረጅም ነው። ብዙዎቹ ቤቶቻችን የተሠሩት ከኖራ ድንጋይ ነው፤ በብዙ ሰፈር አፈሩም የመጣው ከዚያው ድንጋይ ነው። እንዲህ ባለ አፈር አንዳንድ ተክሎች ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መሳብ ያቅታቸዋል። ምልክቱም ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ መሆናቸው ነው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ውሃ ይጨምራል ወይም የምድጃ አመድ ይበትናል። ሁለቱም አይጠቅሙም፤ እንዲያውም አመድ የኖራውን ጠባይ ያብሰዋል። የሚሻለው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት መጨመር ነው።

ምን እንትከል? ከከተማችን በስተምሥራቅ ያለውን የደስዓ ደን ብንመለከት በዋናነት የሐበሻ ጥድና ወይራ፣ በትግርኛ አውሊዕ የምንለው፣ ናቸው። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከጸና በኋላ ግን ድርቁን ይችላል። በቁርኣን ስሙ የተጠቀሰው ሮማንም የኖራ አፈርን ይችላል፤ ቀይ አበባው ጌጥ፣ ፍሬውም ሲሳይ ነው። ለአጥር ቡገንቪሊያ ብዙ ውሃ አይጠይቅም። ለጥላ ጃካራንዳና ቁንዶ በርበሬ የሚባለው ዛፍ ይስማማሉ። ሁለቱም ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ቁንዶ በርበሬ ሲባል ግን የወጡን ቅመም ማለታችን አይደለም። በአንጻሩ ባሕር ዛፍና ትልልቅ የፊከስ ዓይነቶች ሥራቸው ሩቅ ስለሚሄድ ከግድግዳ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያና ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ፈጽሞ አይተከሉም።

ችግኝ ስንገዛ ረጅሙን አንሻማ። ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ ያረጀ ችግኝ ከተተከለም በኋላ ይቸገራል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠን ተባይ አለመኖሩን እንይ። ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር ያህል ይሁን። ጊዜው ሐምሌ መጀመሪያ፣ አፈሩ ከራሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ችግኙ በጋው ሳይደርስበት ሥር ይሰዳል። ላስቲኩን ማውለቅ አይረሳ። በዙሪያው ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ብንነሰንስ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም፤ ግንዱን ግን አያስነካ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን ሦስት ጊዜ ውዱእ ቢያደርግና በአንዱ ውዱእ ሁለት ሊትር ቢጠቀም 30 ሊትር ይሆናል። ይህም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከግማሽ ነው። በሳፋ ብናጠራቅመው ሌላ ውሃ ሳንነካ ችግኞቻችንን ያጠጣልናል። ይህ ማለት ግን ለተክል ብለን ውዱእ ላይ ውሃ እናብዛ ማለት አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት፣ ጨው ያልገባበት ውሃም ይሆናል። የልብስ ሳሙናና በረኪና የገባበት ግን አፈሩን ስለሚጎዳ ይቅር። ለወጣት ዛፍ በየቀኑ ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጀሪካን ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይበልጣል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳልና። ሰዓቱም ማለዳ ወይም ከዐስር በኋላ ይሁን።

በቤት ውስጥ ያሉትን ተክሎች በብዛት የሚገድላቸው ጥማት ሳይሆን ውሃ መብዛት ነው። ጣታችንን አፈሩ ውስጥ ከትተን እርጥበት ካገኘን ሌላ ቀን እናጠጣ። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከታች የተጠራቀመውም ይደፋ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ውሃው ይቀነስ። በማሰሮው ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የውሃችን ኖራ ነው፤ በክረምት ከጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ለእነዚህ ተክሎች ይሻላል። እሬትና ሳንሰቬሪያ ለረሳንና ለተጓዝን ሰዎች ይመቻሉ።

ውድ አድማጮች፣ ሁሉ የሚያምር ሁሉ ደኅና አይደለም። ኦሊያንደር የተባለው ባለ ሮዝ አበባ ቁጥቋጦ ቅጠሉም ቅርንጫፉም መርዝ ነው። ለዒደል አድሓ የገዛነውን በግ አጠገቡ ካሰርነው ጥቂት ቅጠል ሊገድለው ይችላል። ሲደርቅም መርዙ ስለማይጠፋ ለማገዶ አይሆንም። የቅንጭብና የቆልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። ዲፌንባኪያ የተባለውን ባለ ሰፊ ቅጠል የቤት ተክል ሕፃን ቢያኝከው አፉና ምላሱ ያብጣል። ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት እነዚህ አይግቡ።

በመጨረሻም የጎረቤት ሐቅ አለ። ቅርንጫፋችን አጥር ተሻግሮ ቆርቆሮውን የሚመታ፣ ቅጠላችን አሸንዳውን የሚደፍን ከሆነ ሳንለመን እንቁረጥ። የተረፈን ችግኝ ካለ ለዚያው ጎረቤት እናካፍል። ተክል መትከል ሰደቃ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ሰደቃው ሰውን ሳይጎዳ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል።