ከ«ጨርሷል» ወደ «አስመስክሯል»፦ የሠራተኛ ሥልጠናን የሚያስተዳድሩ ሶፍትዌሮች ሲዳሰሱ

በትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኞች ሥልጠና ከአዳራሽ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። በተለይ ሕግ የግድ የሚላቸው ሥልጠናዎች፣ ማለትም ስለ ሙስና፣ ስለ ጾታዊ ትንኮሳ፣ ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ስለማቅረብ፣ ስለ መረጃ ደኅንነትና ስለ ሥራ ላይ አደጋ የሚሰጡት፣ ዛሬ የሚታደሉትም የሚመዘገቡትም በሶፍትዌር ነው። ሠራተኛው ገጾቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል፣ ጥቂት ጥያቄዎች ይመልሳል፣ ሰርተፍኬት ይወጣለታል። ቀኑ ካለፈበት ማሳሰቢያ ይላክለታል፤ አሁንም ዝም ካለ ወሬው ለአለቃው ይደርሳል። በመጨረሻ ከስሙ አጠገብ የምትቀረው አንዲት ቃል ናት፦ «ጨርሷል»። የዘርፉን ታሪክ፣ ሕጉንና ጥናቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህች ቃል የተዘጋጀችው ከትምህርት ይልቅ ለክርክር መሆኗ ይገለጥለታል። ሶፍትዌሩ የተዋጣለት መዝገብ ቤት ነው፤ ጥፋቱ የሚመጣው መዝገብ ቤቱ መምህር ተደርጎ ሲቆጠር ነው።

የሶፍትዌሩ አመጣጥ ይህን ጠባዩን ያስረዳል። አየር መንገዶች ከተለያዩ አቅራቢዎች የሚገዟቸው የኮምፒውተር ትምህርቶች እርስ በርስ አልግባባ ስላሉ፣ የአቪዬሽን ኢንዱስትሪው እ.ኤ.አ. በ1988 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኮሚቴ አቋቁሞ የጋራ መስፈርት ማውጣት ጀመረ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርም በ1997 ተመሳሳይ ጥረት አነሣ፤ ውጤቱ በ2000 የወጣው ስኮርም የተባለው መስፈርት ነው። ከአንዱ አምራች የተገዛ ትምህርት በሌላው ሥርዓት ላይ እንዲሠራ ያደረገው ይህ ስምምነት ለገበያው መንገድ ከፈተ። ነገር ግን ትምህርቱ ለሥርዓቱ የሚያቀብለው ወሬ በዋናነት ሦስት ነገር ነበር፦ ተማሪው ጨርሷል ወይ? ስንት አገኘ? ስንት ሰዓት ቆየ? በ2013 የወጣው ኤክስኤፒአይ የተባለው መስፈርት ከመማሪያው ገጽ ውጭ ያለውንም ሥራ መመዝገብ ቢያስችልም፣ የብዙ ድርጅቶች ልማድ ከሦስቱ ጥያቄዎች አልራቀም። ገበያው በበኩሉ ሰፋ። ከአውስትራሊያ በ2002 የወጣው ሙድል በነፃ የሚገኝ አማራጭ ሲሆን፣ የጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒ ደግሞ ሰክሰስፋክተርስ የተባለውን የሰው ሀብት ሶፍትዌር አቅራቢ በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በ2011 ተስማማ። ሥልጠናም ከቅጥር፣ ከደመወዝና ከዕድገት ጋር በአንድ የሰው ሀብት ሥርዓት ውስጥ ተሰፋ።

ቴክኖሎጂው ሲደርስ ሕጉ ፈላጊ ሆኖ ጠበቀው። በአሜሪካ በ1991 ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቶች የቅጣት አወሳሰን መመሪያ፣ ጥፋተኛ የተባለ ድርጅት ሕግ የሚያስከብርበት ውጤታማ ሥርዓት ካለው ቅጣቱ እንዲቀልለት ፈቀደ፤ ከዚህ ሥርዓት መሠረቶች አንዱ ሥልጠና ነው። በ1998 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሁለት የጾታዊ ትንኮሳ ክሶች ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪው ትንኮሳን ለመከላከል ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉ ከሌሎች ሁኔታዎች ጋር ተደምሮ መከላከያ ሊሆነው እንደሚችል አስታወቀ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2004 ባወጣችው ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ኃላፊዎቻቸውን በየሁለት ዓመቱ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት እንዲያሠለጥኑ አዘዘች። እዚህ ላይ ሕጉ የሚለካው ሰዓት መሆኑ ልብ ይሏል። ግዴታው የአሜሪካ ብቻም አይደለም። በገንዘብ ወንጀል ላይ ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚያወጣው የፓሪሱ ፋይናንሺያል አክሽን ታስክ ፎርስ የፋይናንስ ተቋማት ሠራተኞቻቸውን ያለማቋረጥ እንዲያሠለጥኑ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ከ2017 እስከ 2019 በዚሁ ድርጅት ልዩ ክትትል ሥር ስለነበረች፣ የባንክ ሠራተኛ ሥልጠና የአገር ጉዳይ የሚሆንበትን መንገድ በቅርብ አይታዋለች።

ታዲያ «ጨርሷል» የተባለው ሠራተኛ ሥራው ላይ ምን ያሳያል? ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ድርጊቱ ራሱ በሚቆጠርበት መስክ ይገኛል። በካሊፎርኒያ የሕክምና ተቋሙ የዩሲ ሳን ዲዬጎ ሄልዝ 19,500 ሠራተኞች ለስምንት ወራት ፊሺንግ በሚባሉት የማጥመጃ ኢሜይሎች ሲፈተኑ፣ የዓመቱን የግዴታ ሥልጠና በቅርቡ መጨረስ ከወጥመዱ ለማምለጥ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልሰጠም። በተሳሳቱበት ቅጽበት ማስተማሪያ የቀረበላቸው ሰዎችም ካልቀረበላቸው የተሻሉት በ1.7 በመቶ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ገጹ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆዩም። የማስታወስ ጥናትም ምክንያቱን በከፊል ይነግረናል። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እንዳሳዩት፣ ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ይበልጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጡት ካነበቡት ላይ ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። የግዴታ ሥልጠና ፈተናውን የሚሰጠው በዚያች በአምስተኛዋ ደቂቃ ላይ ነው። ስለዚህ መቶ በመቶ «ጨርሷል» የሚል ሪፖርት በክላውድ ያስቀመጠ ድርጅት ላም አለው በሰማይ፤ ወተቷን ግን አያይም።

ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ «መዝገቡ ለሕግ በቂ ነው» የሚል ነው። ማስረጃም አያጣም። በ2012 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በቻይና ጉቦ ላይ የተሳተፈ የሞርጋን ስታንሊ ኃላፊን ሲከስ ባንኩን ሳይከስ ተወው፤ ባንኩ ሰውየውን ስለ ፀረ-ጉቦ ሕጉ ሰባት ጊዜ እንዳሠለጠነውና ቢያንስ 35 ጊዜ እንዳስታወሰው ማሳየት ችሏል። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ፊት አለው። ሰባት ጊዜ የሠለጠነው ሰው ከጥፋት አልተመለሰም። ባንኩንም ያዳነው የሥልጠና መዝገቡ ብቻ አልነበረም፤ ክፍያዎችን መፈተሹ፣ ሠራተኞችን በድንገት ኦዲት ማድረጉና ጥፋቱን ራሱ ማሳወቁም ተቆጥረውለታል። ሌላው ማስረጃ የአሜሪካው ባንክ ዌልስ ፋርጎ ነው። ባንኩ ደንበኛው ያልፈቀደው ሒሳብ እንዳይከፈት ሠራተኞቹን በሥልጠና ያስጠነቅቅ ነበር፤ ያልተቻለ የሽያጭ ኮታ ግን በየዕለቱ ተቃራኒውን ያስተምራቸው ነበር። በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣ 5,300 ያህል ሠራተኞች መባረራቸው ታወቀ። የማበረታቻው ሥርዓት የሚሰጠውን ትምህርት የሚያሸንፍ የሥልጠና ሞጁል የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአቅም ይነሣል፦ በብዙ አገር የተበተኑ አሥር ሺዎችን አንድ በአንድ ማን ይፈትናል? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ከዚሁ ቴክኖሎጂ መነሻ ከአቪዬሽን ይገኛል። አብራሪ በኮምፒውተር ይማራል፤ የሚበረው ግን ገጾቹን ስለጨረሰ አይደለም። ዓለም አቀፉ ደንብ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቃቱ እንዲፈተሽ ያዛል፤ ሲሙሌተር ውስጥ ሞተር ሲጠፋበት የሚያደርገውን ፈታኙ ያየዋል። ይህን ያህል ወጪ ለሁሉም ሠራተኛ አይገባም፤ አደጋ ለሚበዛበት ሥራ ግን ይገባል። ግዢ ለሚፈርመው፣ ትልቅ ገንዘብ ለሚያስተላልፈውና መድኃኒት ለሚያድለው ጠንካራ ፈተና ማዘጋጀት፣ ለሌላው ደግሞ ማሳጠር ይቻላል። ጥያቄን ከሳምንት፣ ከወርና ከሦስት ወር በኋላ መልሶ ማምጣት ደግሞ ከሰው ይልቅ ለሶፍትዌር የሚቀል ሥራ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩም በ2017 ባወጣውና በየጊዜው ባሻሻለው መመዘኛ፣ ድርጅቱ የሥልጠናውን ውጤት እንዴት እንደለካና ትምህርቱ ለሠልጣኙ በሚገባው ቋንቋ መቅረቡን ዐቃቤ ሕጎች እንዲጠይቁ አድርጓል። የቋንቋው ነጥብ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ሁሉ ይመለከታል። በእንግሊዝኛ ብቻ የቀረበ ሞጁል የሚፈትነው ሕጉን ማወቅን ሳይሆን እንግሊዝኛን ነው።

«የበለጠ መመዝገብ የበለጠ መሰለል አይሆንም ወይ?» የሚለው ሦስተኛ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ኢትዮጵያም በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ስላወጣች ጉዳዩ የሕግም ሆኗል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ የትኛው ጥያቄ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሳት ለማወቅ የእያንዳንዱን ሰው እያንዳንዱን ጠቅታ መያዝ አያስፈልግም።

በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ስንት ዓመት እንደቆየ ተቆጥሮ መምህር አይባልም። ያስመሰክራል፤ ማለትም በመምህሩ ፊት ቆሞ የተማረውን ያሳያል፣ መምህሩም ይመሰክርለታል። ከዚያ ወግ ሶፍትዌር የሚወስደው ዜማውን ወይም ቅኔውን ሳይሆን የምስክርነቱን ሥርዓት ነው፦ መዝገቡ የሚጻፈው ከታየው ችሎታ በኋላ ነው። መዝገብ ቤቱ ይህን ቅደም ተከተል ከጠበቀ የያዘው መረጃ ለፍርድ ቤቱም ለሥራውም ይጠቅማል።