ልኩ ትክክል ሆኖ ዕቃው ሲገጥም እምቢ ሲል

ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን የአንድ ሳጥን ክዳን በአሉሚኒየም እንዲሠራልን ስዕል አዘጋጅቼ ለወርክሾፕ ሰጠሁ። አራት የብሎን ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ሁሉም ልኬት ላይ ±0.1 ሚሊ ሜትር ጽፌያለሁ። ተሠርቶ ሲመጣ ለካሁት፤ ሁሉም በልኩ ነው። ሳጥኑ ላይ ሳስቀምጠው ግን የዳር ዳሮቹ ብሎኖች አልገቡም።

ማሽኒስቱን ልወቅስ ስሄድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «መጀመሪያ የትኛውን ጠርዝ እንዳስደግፍ ነበር የፈለግከው?» መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትኛውም የተቆረጠ ጠርዝ ፍጹም ቀጥ ያለ፣ የትኛውም ማዕዘን በትክክል 90 ዲግሪ አይደለም። የክዳኑ ማዕዘን በ0.1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል፣ 200 ሚሊ ሜትር ርቆ ያለ ቀዳዳ 0.35 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። የኔ ብሎን 6፣ ቀዳዳው 6.6 ሚሊ ሜትር ስለነበር፣ ብሎኑ በየአቅጣጫው ያለው ክፍተት 0.3 ብቻ ነው። ማሽኒስቱም እኔም አጭሩን ጠርዝ ይዘን ለካን፤ ሳጥኑ ላይ ግን ክዳኑ የሚደገፈው በረጅሙ ጠርዝ ነው።

ጂዲ ኤንድ ቲ የሚባለው የስዕል ቋንቋ ይህን ክፍተት ይደፍናል። አሜሪካ ውስጥ ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5፣ በብዙ ሌሎች አገሮች ደግሞ የአይሶ ደረጃዎች ይደነግጉታል። ሦስት ነገሮችን ከያዛችሁ መሠረቱን አገኛችሁ።

መጀመሪያ ዳተም ነው፤ ማለትም ልኬቱ የሚነሳበት ገጽ። ኤ ክዳኑ የሚቀመጥበት ገጽ ሲሆን በሦስት ነጥብ ይያዛል፤ ቢ ረጅሙ ጠርዝ በሁለት፣ ሲ አጭሩ በአንድ። ቅደም ተከተሉ ከተቀየረ ውጤቱም ይቀየራል።

ሁለተኛው የተፈቀደው ስህተት ቅርጽ ነው። ±0.1 ለቀዳዳው መሐል ካሬ ይሰጠዋል። ስለዚህ ወደ ካሬው ማዕዘን 0.14 የሸሸ ቀዳዳ ያልፋል፤ በቀጥታ ወደ ቀኝ 0.12 የሸሸው ግን ይወድቃል። ብሎን ክብ ነው፤ አቅጣጫ አይመርጥም። የቦታ ቶለራንስ ዲያሜትሩ 0.28 የሆነ ክብ ሲሰጥ፣ የከፋው ስህተት ሳይጨምር የተፈቀደው ስፋት በ54 በመቶ ገደማ ያድጋል። ያለ ምክንያት የሚጣል ዕቃም ይቀንሳል።

ሦስተኛው በክብ ውስጥ የተጻፈችው ኤም ናት። ቀዳዳው ከትንሹ የተፈቀደ መጠን በሰፋ ቁጥር የቦታው ቶለራንስ በዚያው ልክ ይጨምራል። ትንሹ 6.6 ሆኖ 6.7 ከተበሳ፣ 0.28 የነበረው 0.38 ይሆናል።

ስዕሉን በዚህ መልክ ከልሼ ሰጠሁ። ሁለተኛው ክዳን ሲመጣ አራቱም ብሎኖች በጣት ተሽከርክረው ገቡ።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትጀምሩ እህት ወንድሞቼ፣ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ዕቃው ሥራ ላይ በምን ላይ እንደሚቀመጥና በምን እንደሚደገፍ ጠይቁ። የመጀመሪያው ዳተማችሁ እሱ ነው። ስዕሉን ከመላካችሁ በፊትም ወርክሾፕ ወርዳችሁ ለሚሠራው ሰው አሳዩት፤ የአሥር ደቂቃ ወሬ የአንድ ክዳን ዋጋ ያድናል።