ከተማ ሲስፋፋ ውሃው በየት ይሂድ?

በገበያ ቀን ወደ ከተማ ስትወጡ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። አምና ገብስ በበቀለበት ማሳ ላይ ዘንድሮ ችካል ተተክሏል። ለከርሞ ደግሞ የቆርቆሮ ቤት ይቆምበታል። የከተማ ማደግ ደግ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮው ይቀርባል። ነገር ግን መሬት ሲሸነሸን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ለእኔ ስንት ካሬ ደረሰኝ?» እያለ ነው። «ክረምት ሲገባ ውሃው በየት ያልፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ ስለዚህ እንነጋገር።

በመጀመሪያ ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። ማባዛትና ማካፈል ተምራችኋልና አይከብዳችሁም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 40 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ኃይለኛ ዶፍ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 40 ጊዜ 30 ስንል 1200 ሊትር እናገኛለን። አንድ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። እንግዲህ ከአንድ ቤት ጣራ ብቻ 6 በርሜል ውሃ ወረደ ማለት ነው። ቤቱ 100 ከሆነስ? 600 በርሜል! መንገዱንና የተረገጠውን ግቢ ገና አልቆጠርንም።

ያ ቦታ ሣር ለብሶ በነበረበት ጊዜ ከዝናቡ ብዙውን መሬቱ ይጠጣው ነበር። የሣር ክዳን ቤትም ቢሆን ውሃውን ይዞ በቀስታ ነው የሚያንጠባጥበው። ቆርቆሮ ግን አንዲት ጠብታ አይጠጣም። የወረደውን ሁሉ ወዲያው ይለቀዋል። ቆርቆሮ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ እኛም ያደርንበት ቤት ቆርቆሮ ነበር። ውሃው መሄጃ ይፈልጋል ማለታችን ነው። መሄጃ ካልተሰጠው ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ የአርሶ አደሩን ማሳ ነው።

ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሳችን ጥፋት ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንዲት አነስተኛ ከተማ ጎልማሶችን ስናስተምር የመማሪያ ቤቱ ግቢ በውሃ ተጥለቀለቀ። ተማሪዎቻችን ጭቃ እየረገጡ መግባት ሆነባቸው። እኛም አካፋና ዶማ ይዘን ተነሣን። ቦይ ቆፈርን፤ ያውም ቀጥ አድርገን ቁልቁል። ለምን ቢሉ አጭርና ቀላል ስለሆነ ነዋ! በሁለት ቀን ጨረስን። ግቢው ደረቀ። እኛም ሥራ ሠራን ብለን ኮራን።

ከቦዩ በታች ከእኛው ዘንድ ፊደል የሚማሩ የአንድ አዛውንት የጤፍ ማሳ ነበር። በሐምሌ ቦዩ ከማሳው ሲደርስ ጥልቀቱ ጉልበት ያህል ሆነ። መስከረም ሲጠባ ሰው ቢቆምበት ከወገቡ በታች አይታይም። አዛውንቱ አልተቆጡም። ከቦረቦሩ ዳር ወስደው አቆሙንና፣ «ልጆቼ፣ ውሃውን ከደጃችሁ አባረራችሁት እንጂ የት እንደሚያድር አልጠየቃችሁም» አሉን። በጣም አፈርን። የታጠበው አፈር የሳቸው የዓመት እንጀራ ነበር።

ታዲያ ቦረቦር የሚፈጠረው እንዴት ነው? ተበታትኖ የሚሄድ ውሃ ጉልበት የለውም። በአንድ ቦይ ሲሰበሰብና ቁልቁል ሲለቀቅ ግን ይፈጥናል፤ ሲፈጥን አፈር ይሸከማል። ቦረቦሩ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ውሃው እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ሥሩን ይቦረቡራል፤ ከላይ ያለው አፈር ይናዳል። ስለዚህ ቦረቦር ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ያድጋል። የኛም ቦረቦር በማሳው ጀመረ እንጂ ጉዞው ወደ መማሪያ ቤቱ ነበር። ዛሬ የገበሬውን ማሳ የበላ ቦረቦር ነገ የከተሜውን አጥር ይበላል።

ጥፋታችንን ለማረም ከአዛውንቱ፣ ከጎረቤቶቻቸውና ከግብርና ባለሙያው ጋር መከርን። መጀመሪያ የተደረገው ከላይ የሚመጣውን ውሃ መቀነስ ነው። ቁልቁል የቆፈርነውን ቦይ ደፍነን ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ፣ በጣም በትንሹ ያዘነበለ ሌላ ቦይ አወጣን። ውሃው በዝግታ ሄዶ ድንጋያማ ከሆነው የጥንት ወንዝ እንዲገባ አደረግን። ከዚያ በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ሠራን። ክትር ሲሠራ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ በሁለቱ መካከል ደለል ሲሞላ መሬቱ እንደ ደረጃ ሜዳ ይሆናል። የክትሩ መሐል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ውሃው ዳሩን ፈልፍሎ ያልፋል። በመጀመሪያው ክትር ይህን ረስተን አንድ ዝናብ ይዞት ሄደ! በደለሉ ላይ የዝሆን ሣር ተተከለ፤ ከብትም እንዳይገባ ተከለከለ። ቦረቦሩ ቆመ። የሄደው አፈር ግን አልተመለሰም።

ችግሩ የትንሽ ከተማ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋን እንውሰድ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት ገና ጀማሪ ከተማ ነበረች። በመካከሏ ደቻቱ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በዳርና ዳሩ ብዙ ቤት ተሠራ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ውሃው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ደረቅ ወንዝ ማለት ባለቤቱ ለጊዜው መንገድ የሄደበት ቤት ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ተራራው ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ፣ ሳያውቀው፣ ከታች ያለውን የከተማ ሰው ይጠብቃል።

ፕላን የሚባለው ነገር እንግዲህ ይህን ሁሉ ችካል ከመተከሉ በፊት ማሰብ ነው። ባለሙያው በበጋ ብቻ ሳይሆን በዝናብ ወጥቶ መሬቱን ቢያይ ይመረጣል። ውሃው የሚሄድበት ቦታ ተለይቶ ከነሣሩ ይተዋል፤ ለቤት አይመራም። ከመንገድ በታች ቱቦ ሲቀበር አፉ ድንጋይ ላይ እንጂ ማሳ ላይ አይከፈትም። መጸዳጃ ቤት ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃው በላይ ሳይሆን በታች በኩል ይሁን።

አፈሩም መታየት አለበት። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመውም ግድግዳ አብሮት ይሰነጠቃል። ቀይ ወይም ድንጋያማ ቦታ ግን ቤትን ይሸከማል። ለሽምብራና ለጤፍ ደግሞ ዋልካውን የሚያህል የለም። ታዲያ ደጉን ማሳ ለቤት፣ ጭንጫውን ለእርሻ መስጠት ምን የሚሉት አሠራር ነው? ሲደረግ ግን አይተናል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው ዋናው ፕላን የሚሠራው ለ10 ዓመት ነው። ስብሰባ ሲጠራ «የከተሜ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትቅሩ። ካርታውን አሳዩን በሉ። ማሳችሁን፣ ምንጩን፣ የወንዙን መሄጃ ፈልጉ። የተጻፈውን ታነብባላችሁ፤ ያልገባችሁንም ጠይቁ።

የእኛ አዛውንት እንዲሁ አደረጉ። ማዘጋጃ ቤት በተጠራው ስብሰባ ከግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ቀረቡ። የገበያውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አንድ ሰማያዊ መስመር ወሰዱና፣ «ልጄ፣ ይሄ ውሃ በዚህ አይሄድም። የሚሄደው በዚህ፣ ቤት ትሠራላችሁ ባላችሁበት በኩል ነው» አሉት ባለሙያውን። ባለሙያው ካርታውን አየ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ ቦት ጫማውን አጥልቆ አብሯቸው ወጣ። ውጭ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።